ትንንሾቹ ዶቅዶቄዎች ወደ ተራራው ሲመለሱ

በልጅነቴ ሞተር ሳይክልን የማውቀው ከመልኩ አስቀድሞ በድምፁ ነበር። ስሙንም ያወጣለት ይኸው ድምፁ ነው፤ ዶቅ ዶቅ ቢል ጊዜ «ዶቅዶቄ» ተባለና ቀረ። በሰፈራችን የነበረችው አንዲት ዶቅዶቄ ብቻ ናት። ባለቤቷ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ድሬሰር ስለነበሩ ሁላችንም «ጋሼ ድሬሰር» እንላቸዋለን። ሞተራቸው 125 ሲሲ የምትባለው ዓይነት ነበረች፤ ዳገት ስትወጣ ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች። የሰፈሩ ጎረምሶች «ጋሼ፣ ምነው ትልቁን ቢገዙ?» ብለው ሲተርቧቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ልጆቼ፣ ትልቅ ሞተር ሰውየውን ይነዳዋል፤ ትንሹን ግን ሰውየው ይነዳዋል።»

ይህን አባባል ለብዙ ዓመታት ረስቼው ኖሬ በጁን ወር 2018 አንድ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጬ ሳለ ድንገት ትዝ አለኝ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተቀመጥኩባት አገር አይል ኦፍ ማን ትባላለች። በአማርኛ «የማን ደሴት» ስንላት ጥያቄ ትመስላለች፤ «እሺ፣ የማን ናት?» ታሰኛለች። እንዲያው ሲታይ ጥያቄው አግባብ ነው። ደሴቲቱ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለው ባሕር ላይ ተቀምጣ ለብሪታንያ ዘውድ ታድራለች እንጂ የብሪታንያ መንግሥት ግዛት አካል አይደለችም። ቲንዋልድ የሚባል የራሷ ፓርላማ አላት፤ የውስጥ ሕጓን የምታወጣውም ራሷ ናት። ይህች የሕግ ነፃነት ናት እንግዲህ የምናወራውን ታሪክ ሁሉ የፈጠረችው።

ለሥራ ጉዳይ እንግሊዝ አገር ሳለሁ ከሊቨርፑል በመርከብ ተሻግሬ የሄድኩት «ቱሪስት ትሮፊ»፣ በአጭሩ «ቲቲ» የሚባለውን የሞተር ሳይክል ውድድር ለማየት ነበር። ውድድሩ የሚካሄደው ለእሽቅድምድም ተብሎ በተሠራ ሜዳ አይደለም። ሰው ገበያ በሚሄድበት፣ ልጆች ትምህርት ቤት በሚመላለሱበት፣ በግና ላም በሚሻገርበት መንገድ ነው። መንገዱ ለጥቂት ሰዓት ይዘጋና የውድድሩ ሜዳ ይሆናል፤ ሲያበቃ ደግሞ አውቶቡሱም ትራክተሩም ይመለስበታል። እኔ የተቀመጥኩባት ከርክ ማይክል የምትባለው መንደር ውስጥ ተወዳዳሪዎቹ የሚያልፉት በመኖሪያ ቤቶች መካከል ነው። ግድግዳውና የመብራት እንጨቱ እዚያው ናቸው፤ አንዳንዱ ቦታ ፍራሽ የመሰለ መከላከያ ታስሮበታል፤ ሌላው ግን እንዲሁ ባዶውን ቆሟል።

በመጀመሪያ ያየኋቸው ትልልቆቹን፣ ባለ 1000 ሲሲዎቹን ነበር። እውነቱን ለመናገር ብዙም አላየኋቸውም። ድምፃቸው ደረት ይመታል፤ ዓይን ሳይከተላቸው ያልፋሉ። በሌላ ቀን ግን ቀላል ምድብ የሚባሉት መጡ። ድምፃቸው ቀጠን ያለ ነው። ነጂው በሞተሩ ላይ ተለጥፎ ክርኑን ሰብስቦ አገጩን የቤንዚን ጋኑ ላይ ደፍቶ ከነፋሱ ጋር ሲሟገት ይታያል። ከአጠገቤ የተቀመጡ አንድ የደሴቲቱ አዛውንት የሻይ ፔርሙሳቸውን ከፍተው እያቀረቡልኝ፣ «እነዚህን ጥለናቸው ነበር፤ መልሰን ያመጣናቸው በስንት መከራ ነው» አሉኝ። ለምን ተጣሉ? ለምንስ ተመለሱ? መመለሳቸውስ ደግ ነው ወይ? ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የእኒህ ሽማግሌ ቃልና የጋሼ ድሬሰር አባባል ነው።

በቆጣቢነት የተጀመረ ውድድር

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1903 የወጣው የብሪታንያ የመኪና ሕግ ፍጥነትን በሰዓት 20 ማይል፣ ማለትም 32 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ወሰነው። የሎንዶኑ ፓርላማ ለእሽቅድምድም ብሎ የሕዝብ መንገድ የሚዘጋም አልነበረም። በዚህ ጊዜ ቲንዋልድ በ1904 መንገድ ዘግቶ ማወዳደር የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። የመጀመሪያው ቲቲ የተካሄደው ሜይ 28 ቀን 1907 ነው። 25 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለውን መንገድ ዐሥር ጊዜ መዞር ይጠይቅ ነበር። በባለ አንድ ሲሊንደር ምድብ ቻርሊ ኮሊየር በማችለስ፣ በባለ ሁለት ሲሊንደር ምድብ ደግሞ ሬም ፋውለር በኖርተን አሸነፉ። የኮሊየር አማካይ ፍጥነት በሰዓት 61 ኪሎ ሜትር ተኩል ነበር።

ዛሬ ብዙ ሰው የዘነጋው አንድ ነገር አለ። ያ ውድድር የተጀመረው ለጉልበት አልነበረም። ስሙ «የቱሪስት ዋንጫ» የተባለውም የመንገደኛ ሞተር ሳይክል እንዲሻሻል ታስቦ ነው። ሞተሩ ድምፅ ማፈኛ፣ ትክክለኛ መቀመጫና ጭቃ መከላከያ እንዲኖረው ያስገድዱ ነበር። ቤንዚኑም በልክ ይሰጥ ነበር፤ ባለ አንድ ሲሊንደሩ በአንድ ሊትር 32 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ባለ ሁለቱ ደግሞ 26 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ያህል መሄድ ነበረበት። እንግዲህ ቲቲ ሲወለድ የቆጣቢዎች ውድድር ነበር ማለት ነው። ትንሽ ሞተር ቲቲን በእንግድነት የገባ አይደለም፤ ባለቤት ነው።

በ1911 ውድድሩ ዛሬም ወደሚካሄድበት ወደ ተራራው መንገድ ተዛወረ። ይህ መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ከ700 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከ200 በላይ ኩርባዎች አሉት። ከዳግላስ ከተማ ተነሥቶ በመንደሮች አልፎ፣ የስኔፌልን ተራራ ትከሻ ታክኮ ከባሕር ወለል በላይ ከ400 ሜትር ከፍታ ይወጣና ተመልሶ ወደ ከተማዋ ይወርዳል። ከታች ፀሐይ ሆኖ ከላይ ጉም ሊሆን ይችላል። ነጂዎቹ የሚለቀቁት እየተቆጠረ በየተራ በመሆኑ፣ የሚሽቀዳደሙት ከጎናቸው ካለው ሰው ይልቅ ከሰዓትና ከመንገዱ ጋር ነው።

ቀላል ምድብ፣ ማለትም የ250 ሲሲ ውድድር፣ ራሱን ችሎ የተካሄደው በ1922 ሲሆን ጄፍ ዴቪሰን በሌቪስ አሸነፈ። በ1924 ደግሞ ከዚያ ያነሰ የ175 ሲሲ ምድብ ተጨመረ። በዚያ ዘመን ደመወዝተኛ ሰው ሊገዛው የሚያልመው ሞተር ይኸው ትንሹ ነበርና ቅዳሜ ቅዳሜ የራሱን የሚጠጋግን ሠራተኛ ተራራው ላይ ሲወዳደር የሚያየው የራሱን ዘመድ ነው።

ትንሹ ምድብ ለባዕድ አገር ሰዎችም በር ከፋች ሆነ። በ1935 አየርላንዳዊው ስታንሊ ውድስ በጣሊያኑ ሞቶ ጉዚ የቀላሉን ምድብ ካሸነፈ በኋላ በዚያው ሳምንት ትልቁን ምድብ ደገመ። ሞተሩ የኋላ ሞላ ነበረው፤ ብዙ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ግን የኋላውን ጎማ ከሻንሲው ጋር ገትረው ማሠራቱን አልተዉም ነበር። በ1937 ኦሞቦኖ ቴኒ ቲቲን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጣሊያናዊ፣ በ1938 ደግሞ ኤቫልድ ክሉገ በዲኬቪ የመጀመሪያው ጀርመናዊ ሆኑ። ሁለቱም ያሸነፉት በ250 ሲሲ ነው።

ጃፓኖች የገቡበት በር

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1951 የ125 ሲሲ ምድብ ተጀመረ። ይሁንና በ1954 አዘጋጆቹ ትንንሾቹን ከተራራው ማውረድ ጀመሩ። ክሊፕስ በሚባል 17 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ሌላ መንገድ ላይ እስከ 1959 ድረስ አስሮጧቸው። እንደ ድግስ ቤት ልጆች ነው፤ ትልልቆቹ አዳራሽ ሲቀመጡ ትንንሾቹ ጓዳ ገቡ።

ታዲያ የጓዳው ነገር አይናቅም። በ1954 ሶይቺሮ ሆንዳ የሚባል ጃፓናዊ፣ ኩባንያው በገንዘብ ችግር ተይዞ ሳለ፣ «በቲቲ እንወዳደራለን» ብሎ ለሠራተኞቹ ዐወጀ። በዚያው ዓመት ደሴቲቱ ድረስ መጥቶ ሲያይ የአውሮፓውያኑ ሞተሮች ጉልበት እሱ ከገመተው እጅግ በልጦ አገኘው። ሰውየው አላፈረም፤ ተመልሶ አምስት ዓመት ሠራ። በ1959 የሆንዳ ቡድን በክሊፕስ መንገድ ላይ በ125 ሲሲ ተወዳደረ። ናኦሚ ታኒጉቺ 6ኛ ወጣ፤ ቡድኑም የቡድን ሽልማት ተቀበለ። ያን ቀን ያሸነፈው ጣሊያናዊው ታርኲኒዮ ፕሮቪኒ በኤምቪ አጉስታ ነበር። በ1961 ግን ማይክ ሄይልዉድ 125ንም 250ንም በሆንዳ አሸነፈ፤ በሁለቱም ውድድሮች ከ1ኛ እስከ 5ኛ የወጡት ሆንዳዎች ናቸው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚርመሰመሰው ሆንዳ በአውሮፓ ስሙን ያስጻፈው በዚህ በትንሿ በር ገብቶ ነው።

የሱዙኪ ታሪክ ደግሞ የስለላ ልብ ወለድ ይመስላል። በምሥራቅ ጀርመን ኤምዜድ ፋብሪካ ቫልተር ካደን የሚባል መሐንዲስ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ፔነሙንደ በሚባለው የሮኬት ማዕከል የሠራ ሰው ነው። ይህ ሰው የጭስ ማውጫውን ቅርፅ በመለወጥ፣ የጭሱ የድምፅ ሞገድ ወደ ኋላ ተመልሶ ያልነደደውን ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ እንዲገፋ አደረገ። በዚህ ዘዴ ሁለት ምት የሚባለው ቀላልና ርካሽ ሞተር ጉልበቱ እጥፍ ድርብ ሆነ። የካደን ነጂ የነበረው ኤርንስት ዴግነር በ1961 ስዊድን ውስጥ ለውድድር በሄደበት ኮበለለ፤ ምሥጢሩንም ይዞ ሱዙኪ ገባ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1962፣ 50 ሲሲ የሚባል ምድብ ለመጀመሪያ ጊዜ በቲቲ ሲካሄድ ያሸነፈው ዴግነር በሱዙኪ ነው። በ1963 ሚትሱኦ ኢቶ ይህንኑ ምድብ አሸንፎ ቲቲን የወሰደ ጃፓናዊ ለመሆን በቃ።

በ1962ቱ የ50 ሲሲ ውድድር ላይ ሌላም ታሪክ ተሠርቷል። ቤሪል ስዌይን የምትባል እንግሊዛዊት በቲቲ ብቻዋን ሞተር ነድታ የተወዳደረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ 22ኛ ወጣች። ምስጋናዋ ምን ሆነ? ዓለም አቀፍ የመወዳደሪያ ፈቃዷን ተነጠቀች። በርዋ ትንሽ ብትሆንም የሚዘጋት አላጣችም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሁለት ቁጥር ልንገራችሁ። በተራራው መንገድ ላይ አንዱን ዙር በሰዓት ከ100 ማይል፣ ማለትም ከ161 ኪሎ ሜትር፣ በላይ የነዳው የመጀመሪያው ሰው ቦብ ማኪንታየር ነው፤ በ1957፣ በ500 ሲሲ ጊሌራ። በ1968 ቢል አይቪ ያንኑ ወሰን ጣሰ፤ በ125 ሲሲ ያማሃ። ዐሥራ አንድ ዓመት ብቻ ቆይቶ የሩቡን ያህል ሞተር የያዘ ሰው ያንኑ ፍጥነት ደረሰ ማለት ነው። ብልሃት ጉልበትን ሲያሸንፍ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ብልሃቱ ግን ልክ አጣ። ሆንዳ ባለ 6 ሲሊንደር 250 ሠራ። ሱዙኪ 14 ማርሽ ያለው 50 ሲሲ ሠራ። የድሃ ልጅ ምድብ የነበረው የሰዓት ሠሪዎችና የባለሚሊዮኖች ምድብ ሆነ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ጃፓናውያኑ ፋብሪካዎች ተራ በተራ ወጡ፤ ዓለም አቀፉ ማኅበርም የሲሊንደሩንና የማርሹን ቁጥር ገደበ። በ1968 የመጨረሻው የ50 ሲሲ ቲቲ ተካሄደ። ትንሹ ምድብ መጀመሪያ የሞተው በሽታው ትንሽነት ሆኖ አይደለም፤ ትንሽነቱን ረስቶ ነው።

የቆጡን አወርድ ብላ

በ1972 በዝናብ በተካሄደ የ125 ሲሲ ውድድር ጣሊያናዊው ጂልቤርቶ ፓርሎቲ ሞተ። ወዳጁ ጃኮሞ አጎስቲኒ፣ የዘመኑ ታላቅ ነጂ፣ ከዚያ በኋላ በቲቲ አልወዳደርም አለ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በ1974 የ125 ሲሲው ምድብ ቀረ። ከ1976 በኋላ ቲቲ የዓለም ሻምፒዮና አካል መሆኑ አበቃ።

የ125 ሲሲው ምድብ የተነሣው በ1989 ነው። ዓመቱ ራሱ ይናገራል። በዚያው ዓመት ለሽያጭ በሚቀርቡ ትልልቅ ሞተር ሳይክሎች፣ እስከ 1300 ሲሲ በሚደርሱት፣ በተካሄደ ውድድር ሁለት ነጂዎች ሞቱና ያ ውድድር ከፕሮግራም ተሰረዘ። በተመለሰው የ125 ሲሲ ውድድር ደግሞ ሮበርት ደንሎፕ የሚባል የሰሜን አየርላንድ ሰው አሸነፈ።

የደንሎፕን ቤተሰብ ሳያነሡ የትንንሽ ሞተሮችን ታሪክ መተረክ አይቻልም። ሮበርት በ1994 በዚሁ በቲቲ በትልቅ ሞተር ወድቆ ቀኝ እጁና እግሩ ክፉኛ ተጎዱ። ትልቅ ሞተር ለመታገል የሚያስችል ክንድ አልቀረውም። እሱ ግን የፊት ፍሬኑን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ በ125 ሲሲ ተመለሰ፤ በ1998ም እንደገና ቲቲን አሸነፈ። ታላቅ ወንድሙ ጆይ ባሊመኒ በምትባል ከተማ ጠጅ ቤት የነበረው፣ ወሬ የማያበዛ፣ በገዛ መኪናው እርዳታ ጭኖ እስከ ሩማንያና ቦስንያ ድረስ ለሕፃናት ያደረሰ ሰው ነበር። በ2000 ዓ.ም. በ48 ዓመቱ በአንድ ሳምንት ሦስት ውድድር አሸነፈ፤ አንዱ በትልቅ ሞተር፣ አንዱ በ250፣ አንዱ በ125። የቲቲ ድሎቹ 26 ደረሱ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ጁላይ 2 ቀን፣ ኢስቶኒያ ውስጥ ታሊን ከተማ በዝናብ በተካሄደ ውድድር ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። የያዘው ሞተር 125 ሲሲ ነበር። ቀብሩ ላይ 50 ሺህ ያህል ሕዝብ ተገኘ።

በ2004 የ125ና የ400 ሲሲ ቀላል ምድቦች በተራራው ላይ የመጨረሻ ውድድራቸውን አደረጉ። ምክንያቱ በጭካኔ ብቻ የሚታይ አይደለም። ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚያነድ በመሆኑ ይጨሳል፤ የጭስ ሕጉ እየጠበቀ ሲሄድ ከመንገድ ጠፋ። 400 ሲሲዎቹም አርጅተው የሚተካቸው አልተገኘም። ሱቅ ውስጥ የማይሸጥ ሞተር ውድድር ላይ ከየት ይመጣል? በዓለም ሻምፒዮናም ቢሆን ሁለት ምቱ 250 ከ2009 በኋላ፣ 125ቱም ከ2011 በኋላ በአራት ምት ሞተሮች ተተክተዋል። ይሁንና አዘጋጆቹ ትልልቆቹን ብቻ ይዘን እንደምቃለን ብለው ሲያስቡ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለው ሆነባቸው። በገዛ ጋራዡ ሠርቶ በገዛ ቫኑ ጭኖ የሚመጣው የመንደር ተወዳዳሪ መግቢያ አጣ።

በ2008ና በ2009 ማስታገሻ ተሞከረ። በደሴቲቱ ደቡብ ካስልታውን አጠገብ ባለው፣ 7 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላው የቢላውን መንገድ ላይ 125ና 250 እንዲወዳደሩ ተደረገ። የክሊፕስ ታሪክ ተደገመ፤ ትንንሾቹ ጓዳ ገቡ። አልበረከተም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ቀረ። ሰው ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው ለተራራው ነዋ!

የተሳካው መመለስ የመጣው በ2012 ነው። የዚህ መመለስ ብልሃት የድሮውን ሞተር ከመቃብር አለማውጣቱ ላይ ነው። ሰው ወደ ሥራ ከሚመላለስባቸው ርካሽ ሞተሮች መካከል ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ አራት ምት፣ 650 ሲሲ የሆኑትን መረጡና «ሱፐርትዊን» አሏቸው። ሲሲው ቢጨምርም ጉልበቱ ከትልልቆቹ እጅግ ያነሰ ነው፤ ዋጋውም እንዲሁ። ይህን ዓይነት ሞተር በአየርላንድ መንገዶች ላይ በገዛ እጁ እየሠራ ምድቡ እንዲታወቅ ብዙ የደከመው ራየን ፋርኳር የመጀመሪያውን ውድድር በካዋሳኪ አሸነፈ። በዚያው ዓመት የትልልቆቹ ዋና ውድድር፣ ሲኒየር ቲቲ፣ በአየር ጠባይ ምክንያት በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰረዘ። ትንንሾቹ ሲመለሱ ትልቁ ቀረ።

ትንሽ ማለት ደህና ማለት ነውን?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ትንንሽ ምድቦች ይመለሱ የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት ምክንያት የነፍስ ነው። በተራራው መንገድ ላይ የጠፋው ሕይወት ከ260 በላይ ሆኗል፤ በ2022 ብቻ 6 ተወዳዳሪዎች ሞተዋል። ከፍተኛው የዙር ፍጥነት ፒተር ሂክማን በ2023 ያስመዘገበው በሰዓት 219 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። እኔ ከርክ ማይክል ላይ ተቀምጬ ባየሁት የ2018 ቀላል ምድብ የሮበርት ልጅ ማይክል ደንሎፕ ሲያሸንፍ ያስመዘገበው የዙር ፍጥነት ደግሞ 197 ኪሎ ሜትር ተኩል ነበር። የ22 ኪሎ ሜትር ልዩነት ነው። የጥንት ድንጋይ ግድግዳ ግን የ22 ኪሎ ሜትር ልዩነት አያውቅም።

ይህን የምለው ለመከራከር ብዬ አይደለም፤ ታሪኩ ራሱ ስለሚለው ነው። ፓርሎቲ የሞተው በ125 ነው። ጆይ የሞተው በ125 ነው። ሮበርት በሜይ 2008 ሰሜን አየርላንድ ውስጥ በኖርዝ ዌስት 200 ልምምድ ላይ የሞተው በ250 ነው። ከሁለት ቀን በኋላ አዘጋጆቹ ሊያስቀሩት ቢሞክሩም ልጁ ማይክል በዚያው መንገድ፣ በዚያው የ250 ምድብ ተሰልፎ አሸነፈ። ራየን ፋርኳር በድል በተመለሰበት በዚያው በ2012 አጎቱ በደሴቲቱ የአማተሮች ውድድር ላይ በሱፐርትዊን ምድብ ሞቱ፤ ፋርኳርም ውድድር አቆምኩ አለ። ከጊዜ በኋላ ተመልሶ በ2016 በኖርዝ ዌስት 200 በዚሁ ምድብ ክፉኛ ቆሰለ፤ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ምድብ፣ ማላካይ ሚቸል ቶማስ የሚባል ወጣት ሞተ። እኔ ማይክል ደንሎፕን አጨብጭቤ ከደሴቲቱ በወጣሁ በወሩ፣ ጁላይ 7 ቀን 2018፣ ወንድሙ ዊልያም አየርላንድ ውስጥ ስኬሪስ በሚባል ቦታ በልምምድ ላይ ሞተ። ዜናውን ያነበብኩት አውቶቡስ ውስጥ ነበር። ያጨበጨብኩበትን እጄን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ።

ስለዚህ ትንንሽ ምድቦችን «ደህና ናቸው» እያሉ መመለስ ሰውን ማታለል ይመስለኛል። በእርግጥ ክብደት ሲቀንስ ፍሬን ቶሎ ይይዛል፤ ጎማም አይሰቃይም፤ ነጂውም ሳይደክም ይጨርሳል። ይህ እውነት ነው። ግን ትንሽ ሞተር የያዘ ሰው ሰዓት ለማትረፍ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ኩርባ ላይ ፍጥነቱን አለመቀነስ። ትልቁ ሞተር ኩርባ ላይ ያጣውን ቀጥታው መንገድ ላይ በጉልበት ያስመልሳል። ትንሹ ያጣውን አያገኘውም። ስለዚህ ግድግዳውን የሚጠጋው ማን እንደሆነ አንባቢ ያስበው።

ታዲያ መመለሳቸው ስሕተት ነው ማለቴ ነው? አይደለም። ምክንያቱ ሌላ ይሁን ነው የምለው። ትንሽ ምድብ የሚያስፈልገው የውድድሩ በር ክፍት እንዲሆን ነው። በ1922 ሠራተኛውን፣ በ1937 ጣሊያናዊውን፣ በ1959 ጃፓናዊውን፣ በ1962 ሴቲቱን፣ በ1998 ክንደ ስንኩሉን ሮበርትን ያስገባው ይኸው በር ነው። ዛሬም ቢሆን ማይክል ደንሎፕ ብዙ ድል ያገኘበት ፓቶን የሚባለው ሞተር የተሠራው በትልቅ ፋብሪካ አይደለም። ስሙ ከመሥራቾቹ ከፓቶኒና ከቶንቲ ስም መጀመሪያ የተቀጠለ፣ በ1958 የተጀመረ አነስተኛ የጣሊያን ሥራ ቤት ነው፤ ውስጡ ያለው ሞተርም መሠረቱ ያ የደመወዝተኛው ካዋሳኪ ነው። በ2024 ማይክል የአጎቱን የጆይን የ26 ድል ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ 27ኛዋን ድል ያመጣችለት ይህችው የቀላል ምድብ ፓቶን ናት። የ24 ዓመት ክብረ ወሰን በትንሽ ሞተር ተሰበረ።

ጋሼ ድሬሰር ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር። ግን ስለ እሳቸው ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ። ከጤና ጣቢያው ሲመለሱ እኛ ጨርቅ ኳስ የምንጫወትባት ኩርባ አለች። እዚያች ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ ሞተራቸውን ያጠፋሉ፤ ይወርዳሉ፤ እየገፉ ያልፋሉ። «ጋሼ፣ ተበላሸ?» ስንላቸው «የለም፣ እናንተ አላችሁ» ይሉናል። ትንሽ ሞተርን ሰውየው ይነዳዋል ያሉት እውነታቸውን ነው። እኔ የሰማሁት ግን ግማሹን ብቻ ነበር። ሰውየው ይነዳዋል ማለት ሰውየው ማቆምም ይችላል ማለት ነው።